ሰባት ቤት ሲቆጠር

ልደታ ላይ የዓሣ መረብ እየጠገነች የምትኖር ሴት ነበረች ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ልደታ ሐይቅ የላትም፤ በአጠገቧ የሚያልፈው ወንዝም ዓሣ የሚወጣበት ዓይነት አይደለም። ሸዋዓለም ግን ነበረች። በደርግ ዘመን፣ ከሰንጋ ተራ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ፣ ከየሐይቁ ተቀዳዶ የሚመጣውን መረብ እየተረከበች ስትጠግን ትውል ነበር። እጇ ለጉድ ይፈጥናል። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች አንዱን ቀዳዳ ሳይጨርሱ እሷ ሦስተኛው ላይ ናት፤ ያውም ወሬዋን ሳታቋርጥ። ያልጠበቀ ቋጠሮ ካየች የማን ነው ብላ አትጠይቅም፣ ይቀየመኛልም አትልም፤ ፈትታ ትደግመዋለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ራሱ አንድ ቀን ለጎብኚዎች ላሳይ ብሎ የቋጠረውን እዚያው በእንግዶቹ ፊት ፈትታበታለች። ሰውየው ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ሰላም ማለቷን አልተወችም።

ይህቺ ማንንም የማትፈራ ሴት አንገቷን የምትደፋላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አጎቷ አቶ ገብረየሱስ። አባቷ የሞተው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። እናቷ ወይዘሮ ጠጅቱ እሷን ታቅፈው የታላቅ ወንድማቸው ቤት ሲገቡ፣ አቶ ገብረየሱስ ሸክም መጣብኝ አላሉም። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው፣ እጇን ይዘው ተማሪ ቤት ያስገቧት እሳቸው፣ ኩፍኝ ይዟት ስትቃጠል ከአልጋዋ አጠገብ ያልተነሱት እሳቸው ናቸው። አባባ ብላ ነው የምትጠራቸው፤ ለእሷ ሌላ አባት አልነበራትም።

አቶ ገብረየሱስ የቡልጋ ሰው ናቸው። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ስማቸው የገነነው ግን በጽሕፈታቸው ሳይሆን በዘር ቆጠራቸው ነው። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚያገናኛቸው ዘመድ እንዳይኖር ይጣራል። ሰባተኛው አያት ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጋብቻው ይቀራል፤ ስምንተኛው ላይ ከሆነ ግን ዝምድናው እዚያ ያበቃል፣ መጋባት ይችላሉ። ከቡልጋም ሆነ ከመንዝ የመጣ የሰፈሩ ሰው ልጁን ሊድር ሲነሳ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ቀስ እያደረጉ ይመታሉ፣ በየምቱ አንድ ስም ይጠራሉ። ተሳስተው አያውቁም ይባላል። እሳቸውም ይህ ሲወራ አያስተባብሉም። ሲቆጥሩ ማንም አይናገርም፤ የሚቆጠርላቸው ወጣቶች ደግሞ ጭራሽ እዚያ አይቀመጡም።

ፍሰሐ ዘሩ ከቡልጋ የሆነ የሰንጋ ተራ ልጅ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሞተር እየፈታ የሚገጥም፣ እጁ ከግራሶ የማይለይ፣ ትንሽ ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱን ገና በሕፃንነቱ፣ አባቱን በአሥራ አምስት ዓመቱ ቀብሯል። ሸዋዓለም ልብስ ስፌት በምትማርበት ቤት የስፌት መኪና ተበላሸና እሱ ተጠርቶ መጣ። ጠግኖ ሄደ። በሳምንቱ ያው መኪና ተበላሸ። ቆይቶ በወር አራት ጊዜ ይበላሽ ጀመር። ብሎኑን ማን እንደሚያላላው ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አስተማሪዋ መኪናውን ለሸጠላት ሰው እርግማን ታወርድበት ነበር።

ጥር 1967 ላይ ፍሰሐ ሽማግሌ ላከ። ወላጅ የለውምና የላካቸው ጎረቤቶቹን ነው። ሸዋዓለም ከእናቷ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች። አቶ ገብረየሱስ መጀመሪያ የእሷን ወገን ቆጠሩ፤ ዘርዓጽዮን የሚባል ሰው ላይ ሲደርሱ ስምንት ሆነ። ከዚያ የፍሰሐን ወገን ጀመሩ። ዘርዓጽዮን ላይ ሲደርሱ ከዘራዋ የተመታችው ሰባት ጊዜ ነው። በአንዱ ወገን እንኳ ሰባት ከሆነ ደግሞ አይሆንም። ዓይናቸውን ገለጡና «እኅትና ወንድም ናቸው» አሉ። ፍሰሐን ይወዱት ስለነበር ድምፃቸው ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ፍሰሐ ጋራዥ ሆኖ ሲጠብቅ የደረሰው መልስ «ሰባት ሆነ» የሚል ብቻ ነው። ማን፣ እንዴት፣ በየት በኩል ብሎ አልጠየቀም። ሽማግሌ ቆጥሮ የጨረሰውን ነገር የሚጠይቅ ማን አለ? በሁለተኛው ሳምንት ዕቃውን ጠቅልሎ አሰብ ወረደ፤ የወደብ ጀልባዎች ላይ በመካኒክነት ተቀጠረ ሲባል ሰማች።

ከዚያ በኋላ አገሩ ተገለባበጠ። አቶ ገብረየሱስ የሚያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች ተወረሱ። ቀበሌ መጣ፣ ስብሰባ መጣ፣ ጥበቃ መጣ። ልጃቸውን የቀበሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እንዳይቀብሩ የተከለከሉም ነበሩ። በነዚያ ክፉ ዓመታት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ የታሰረ ልጃቸው የት እንዳለ ሳያውቁ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲንከራተቱ፣ ምሳውን ተሸክማ አብራቸው የተንከራተተችው ሸዋዓለም ናት። ሌላው ሰው በሩን ዘግቶ ነበር። እሷ አንድ ጥበቃን «ልጁ በሕይወት ካለ ምሳውን ተቀበለኝ፣ ከሌለ እናቱ አትመላለስ» ብላዋለች ይባላል። ልጁ ነበረ፤ ከዓመት በኋላም ወጣ።

እንዲህ ያለች ሴት ባል አጥታ አይደለም ያላገባችው። ሦስት ጊዜ ተጠይቃለች። አቶ ገብረየሱስም ሦስቱንም ቆጥረው ንጹሕ ነው ብለዋል። እሷ ግን እናቴን ማን ያይልኛል፣ ሥራዬ ይበዛል እያለች ታሳልፋለች። እናቷ በጤና ከእሷ የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ፍሰሐን እንደምትወደው ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን ማንም አልነበረም።

ነሐሴ 1974 ሊያልቅ ሲል መጋዘኑ ሸዋዓለምን ወደ ዝዋይ ላካት። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የሚኖሩት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ራሳቸው መጠገን እንዲችሉ ለሁለት ሳምንት ታስተምር ተባለ። ወደ ደሴቶቹ የምታመላልስ አንዲት የሞተር ጀልባ አለች፤ መካኒኳም ነጂዋም አንድ ሰው ነው። ሸዋዓለም ወደ ዳርቻው ስትወርድ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሞተር ይፈታል። ገና ፊቱን ሳያዞር አወቀችው።

«እንደምን አደሩ» አለችው።

ፍሰሐ መፍቻው ከእጁ ወደቀበት። ሰባት ዓመት ተኩል ሙሉ ስሟን በልቡ ሲጠራ የኖረ ሰው አንቱ ተባለ። እሷም ሆን ብላ ነው፤ በአንተና በአንቺ ከተጀመረ የት እንደሚያደርስ ታውቀዋለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አለፈ። «ይሄዳሉ?» «እንሂድ።» «ደርሰናል?» «ደርሰናል።» በመካከል ሳይጠየቅ ኑሮውን ነገራት፤ አሰብ ላይ አግብቶ ነበር፣ በሁለት ዓመቱ በሰላም ተለያዩ፣ ልጅ የለውም፣ ወደ ዝዋይ የመጣ ዓመት ሆኖታል። እሷ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ወደ ውሃው ዞረች።

ጳጉሜ አምስት ቀን ዓርብ ነበር። ትምህርቱ አልቆ፣ የደሴቷ ሴቶች ለአዲሱ ዓመት ብለው ዳቦና ቆሎ አሸክመዋት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ተነሱ። መንገድ ላይ ነፋሱ በረታ። ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶት ስለነበር በበጋ ከውሃው በላይ ብቅ የሚሉ ድንጋዮች ሁሉ ተሸፍነዋል። ሰው በማይኖርባት አንዲት ትንሽ ደሴት አጠገብ ሲደርሱ ጀልባዋ ከሥር ካለ ድንጋይ ጋር ተላተመች። የፊቷ ጣውላ ተሰነጠቀ፣ ውሃው ገባ፣ ሞተሩ ዝም አለ።

«ፍሰሐ፣ መረቡን ያዝ!» ብላ ጮኸች። አንቱታው እዚያው ሰጠመ።

ውሃው እስከ ደረታቸው ነበር። ሌላ ሰው ነፍሱን ያወጣል፤ እሷ መረቧን፣ መርፌና ሲባጎዋን፣ ዳቦዋንም በራሷ ላይ ተሸክማ ወጣች። ከዚያ ተመልሳ ገብታ ጀልባዋን ከእሱ ጋር ጎተተች።

ፍሰሐ ሁኔታውን ሲያስበው ተስፋ ቆረጠ። ነገ ዕንቁጣጣሽ ነው፣ ሐይቅ ላይ የሚወጣ የለም። ከነገ ወዲያ እሑድ የአብዮት በዓል ነው፤ ዓሣ አስጋሪው ሁሉ ከተማ ገብቶ እንዲሰለፍ ታዟል፣ እስከ ሰኞ ጀልባ እንዳይንቀሳቀስም ተነግሯል። ከተማ ያሉት ትምህርቱ የነበረበት ደሴት ላይ አደሩ ይላሉ፣ እዚያ ያሉት ደግሞ ከተማ ገቡ ይላሉ። የሚፈልጋቸው የለም። ይህን ሁሉ ሲዘረዝርላት ሸዋዓለም ነጠላዋን እየጨመቀች ሰማችውና ክብሪት እንዳለው ጠየቀችው። ነበረው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ።

ደሴቷ ከልደታ ማርያም ቅጥር ብዙም የማትሰፋ ናት። ጥቂት ግራር፣ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ዙሪያዋን ደንገል፣ ቀሪው ወፍ ነው። ፍሰሐ ሣሩ ተረግጦ የተኛበት ለጥ ያለ ቦታ አግኝቶ እሳት ሊያነድ ሲል ሸዋዓለም ከለከለችው። ሣሩ ለምን እንደተኛ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከውሃው ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ መንገድ አለው። የጉማሬ መውጫ ነው። እሳቱ ከሾላው ሥር ተነደደ። ሰባት ዓመት ውሃ ላይ የኖረው ሰው ሳያየው የልደታዋ ሴት ማየቷ ትንሽ አሳፍሮታል።

ያን ዕለት ጾም ነውና ዳቦና ቆሎውን ተካፈሉ። በማግሥቱ ጠዋት ፍሰሐ ሲነቃ ሸዋዓለም ቀሚሷን ወደ ላይ ቋጥራ፣ መረቡን በድንጋዩና በደንገሉ መካከል ዘርግታ ቆማለች። አራት ቆሮሶ ዓሣ ይዛለች። «እንኳን አደረሰህ» አለችው። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አላት። ዓሣውን ጠብሰው በሉ። ሁለቱም በሕይወታቸው እንደዚያ የጣፈጠ የበዓል ምግብ በልተው አያውቁም፤ ጨው እንኳ አልነበረውም።

ከበሉ በኋላ ፍሰሐ ተናገረ። ዝምተኛ ሰው ሲናገር አንዴ ነው።

«ሸዌ፣ ዘመኑ ተለውጧል። ቀበሌ ሄደን ብንፈርም የሚከለክለን የለም። ሰባት ቤት ስምንት ቤት የሚል ሰው ዛሬ አድኃሪ ነው የሚባለው።»

«ይባላል። እኔን ያሳደጉኝ ግን እኚያ አድኃሪ ናቸው» አለችው። የዓሣውን አጥንት ወደ እሳቱ ጣለች። «እሳቸው ሳይመርቁኝ ካንተ ጋር ብኖር አንድ ቀን ልቤ አያርፍም። እሳቸውን ብዬ ካንተ ብቀር ደግሞ ምን እንደምሆን አይቼዋለሁ። በሁለቱም በኩል ሞቻለሁ። ስለዚህ አትጠይቀኝ።»

ፍሰሐ ተነሥቶ ወደ ጀልባዋ ሄደ። ጀልባዋን ዞራት፣ ምንም ሳይነካ ተመለሰ። ተቆጥቶ ነበር። አንቺስ ቶሎ ነው የረሳሽው፣ እኔ ግን አሰብ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ አላት። ያን ጊዜ ሸዋዓለም ተቆጣች።

«እኔ ነኝ የረሳሁት? ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የሰማሁትን ስም በስም ልንገርህ?» ከሲባጎዋ አንድ ክንድ ቆረጠችና እያንዳንዱን ስም እየቋጠረች ጠራች። «የፍሰሐ አባት ተሰማ። ተሰማ የደጉ። ደጉ የሀብተማርያም። ሀብተማርያም የወልደሰንበት። ወልደሰንበት የገላው። ገላው የአክሊሉ። አክሊሉ የዘርዓጽዮን። ሰባት። በየቀኑ ነው የምቆጥረው።»

ፍሰሐ ቁጣው ጠፍቶ ያያት ጀመር።

«ደጉ የማን አልሽ?»

«የሀብተማርያም።»

«ሀብተማርያም እኮ የደጉ አባት አይደለም። አያቱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጉ የፍሰሐ የወንድ አያቱ ነው። የደጉ አባት ይርዳው ይባላል። በክፉ ቀን፣ ከብቱም ሰዉም ባለቀበት በዚያ ረኃብ ጊዜ፣ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ሞተ። ልጁ ሲወለድ አያቱ ሀብተማርያም ወስደው አሳደጉት፤ እንደ አገሩ ልማድም ባሳደጉት በእሳቸው ስም ተጠራ። ደጉ ሀብተማርያም ተብሎ ኖረ፣ ደጉ ሀብተማርያም ተብሎ ተቀበረ። ይርዳውን የሚያስታውስ የፍሰሐ አባት ብቻ ነበር፤ ሳይሞት በፊት ልጁን አስቀምጦ፣ ጸሎት ሲያስደርስ ስሙን እንዳይረሳው አደራ ብሎታል።

ሸዋዓለም በደጉና በሀብተማርያም መካከል አንድ ቋጠሮ ጨመረች። ስምንት ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ ስምንት ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ወፎቹ ሁሉ ከሾላው ላይ ተነሡ። «ለምን አልጠየቅህም?» አለችው። እሱም «አንቺስ ስሞቹን ሰምተሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

የሚያናድደውም ይኸው ነው። ስሞቹን የሰማችው አንዷ ልደታ ናት፣ እውነቱን የሚያውቀው አንዱ ሰንጋ ተራ ነው። በመካከላቸው ያለው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ያልቅ ነበር። ሁሉም ጨዋ ሆኖ ዝም አለ፣ በጨዋነትም ሁለት ሰው ከሰባት ዓመት በላይ ተቃጠለ።

እሑድ ዕለት ነፋሱ ከከተማው የሰልፉን ድምፅ ማጉያ ቆራርጦ እያመጣ፣ እነሱ ጀልባ ይጠግኑ ነበር። ፍሰሐ የተሰነጠቀውን ጣውላ አይቶ አይሆንም ብሎ ነበር። ሸዋዓለም የጀልባዋን የሸራ ልብስ ቀደደች፣ በሁለት አጠፈችው፣ እሱ በጣውላው ዙሪያ በሚስማር በሳላት፣ እሷ በሲባጎ ሰፋችው። በላዩ ላይ ያላቸው ግራሶ ሁሉ ተቀባ። እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርደው ሞከሯት፤ ጠብ አይልም። ታዲያ ለምን በዚያው አልሄዱም? ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ነው ይላሉ ሁለቱም። ይሁን፣ እንመናቸው። ሰኞ ጠዋት ውሃው ሲረጋ በሁለት ቁራጭ ጣውላ እየቀዘፉ ከተማ ገቡ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ልደታ ደረሰ። ሦስት ቀን፣ ሰው የሌለበት ደሴት፣ ያውም ከማን ጋር? ወይዘሮ ጠጅቱ በሕይወት በማየታቸው አለቀሱ፣ ከዚያ ለሌላው ነገር አለቀሱ። አቶ ገብረየሱስ ግን ራሷን ሳም አድርገው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ይህ ከሁሉ ይበልጥ አመማት።

አብሯት አዲስ አበባ የገባው ፍሰሐ በነጋታው መጥቼ ልናገር አላት። እሷ ከለከለችው። አሁን «ቆጠራው ስሕተት ነው» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ሦስት ቀን አብረው ጠፍተው የተመለሱ ሰዎች ያመጡት ወሬ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበውን ሰው፣ ያላቸው ክብር ያ ቆጠራቸው ብቻ የሆነውን ሰው፣ በሽማግሌ ፊት ተሳስተዋል ማለት ምን ማለት ነው? እሳቸውን አዋርዳ የምታገኘውን ምርቃት አትፈልገውም። ሳታገኘው ደግሞ ፍሰሐ የለም። ሁለት ሳምንት አሰበች። መስቀል አለፈ።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ፍሰሐ የበፊቶቹን ሽማግሌዎች መልሶ ላከ። እሱ ግቢው ውስጥ ቀረ። አቶ ገብረየሱስ ሰላምታውን ተቀብለው የተቆጠረ ነገር ነው፣ ምን አዲስ ነገር ተገኘ አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ሸዋዓለም ወጣች። እናቷ ቀሚሷን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ፣ አልደረሱባትም። መጥታ ከአጎቷ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንዴ ይቁጠሩልኝ። አጠገብዎ ሆኜ ልስማ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አቶ ገብረየሱስ ብዙ ካዩዋት በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑና ከዘራቸውን አነሡ። የፍሰሐ አባት ተሰማ። ተሰማ የደጉ። ደጉ የሀብተማርያም።

«ይቅርታ አባባ» አለች ዝግ ብላ። «ደጉ መቼ ነው የተወለዱት?»

«በክፉ ቀን» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ለዚህ ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

«ሀብተማርያምስ ያን ጊዜ ስንት ዓመታቸው ይሆናል?»

ከዘራዋ አየር ላይ ቀረች። ሸዋዓለም ሌላ ቃል አልጨመረችም። ትንሽ ከገፋች ትሰብራቸዋለች፣ ከተወችው ራሷ ትሰበራለች። አቶ ገብረየሱስ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለራሳቸው ያሰሉ ጀመር። ሀብተማርያም በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ሽበት የወረሳቸው ሰው ነበሩ። በክፉ ቀን ሰማንያ ያልፋቸዋል። ሚስታቸውም ከክፉ ቀን በፊት ሞተው ተቀብረዋል። ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር። አንዱን ከአንዱ ጎን አስቀምጠውት ግን አያውቁም፤ አስቀምጡት ያላቸውም የለም።

ከዘራዋን መሬት አስነኩ።

«ልጁን ጥሩት» አሉ።

ፍሰሐ ገብቶ እጅ ነሣ። የደጉን አባት ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ይርዳው ይባላል፣ ደጉ ሳይወለድ ነው የሞተው፣ አባቴ ነው የነገረኝ አለ። አቶ ገብረየሱስ «ነፍሱን ይማር» አሉ፤ ከዘጠና ዓመት በላይ ከልጅ ልጆቹ ቤት ውጭ ማንም ስሙን ያልጠራው ሰው ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዘርዓጽዮን ላይ ሲደርሱ ከዘራዋ ስምንት ጊዜ ተመትታለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ለማለዘብ ያጋጥማል፣ የሰው ነገር ነው ሊል ጀመረ። አቶ ገብረየሱስ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ወደ ሸዋዓለም ጎንበስ አሉ።

«ያን ቀን ስቆጥር ትሰሚ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ያልገባሽን ለምን አልጠየቅሽኝም? ፈርተሽኝ ነው?»

«አክብሬዎት ነው፣ አባባ።»

አቶ ገብረየሱስ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። «እኔም ክብር ነው ብዬ ስደሰትበት ኖርኩ» አሉ። «የሰው አፍ ዘግቼ ሰባት ዓመታችሁን በላሁባችሁ።» ከወንበራቸው ወርደው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ ሸዋዓለም ትከሻቸውን ይዛ አስቀረቻቸው፤ ፍሰሐም በሌላ በኩል ደገፋቸው። ወይዘሮ ጠጅቱ መጋረጃውን ገልጠው ወጥተው ቆመዋል።

ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ይመረቁ፣ ነገሩ አልቋል አሉ። አቶ ገብረየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትጠይቀኝ» አሉ። «ሳትጠይቀኝ አልመርቅም።»

ሸዋዓለም ቀና ብላ አየቻቸው። ከተወለደች ጀምሮ ከእሳቸው ለራሷ ምንም ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ፍሰሐን ይስጡኝ፣ አባባ» አለች።

አቶ ገብረየሱስ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ለምርቃት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።